ዘንገናና ፑዌብላ፦ ግድግዳ የያዘው ታሪክ፣ ፈረስ የተሸከመው ታሪክ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬንና ቲሊሊን አልፎ እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ዘንገና ሐይቅን ያገኛል። ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ቅርጹ ክብ፣ ዳር ዳሩ በዛፍ የተከበበ ውኃ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው። አገሩ ደጋ ስለሆነ ንፋሱ በበጋም ቢሆን ይቆረጥማል። እዚያ የሚቆም መንገደኛ የሚያደርገው ነገር ይመሳሰላል፤ ቁልቁል ወደ ውኃው ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ስለ ብርዱ አንድ ነገር ይልና ጉዞውን ይቀጥላል።

በዚያች አሥር ደቂቃ ሳያውቀው አልፎት የሚሄደው ነገር ብዙ ነው። ከኋላው የተወው ቡሬ በ1933 ዓ.ም. ከስደት የተመለሱት ንጉሠ ነገሥት የተቀመጡበት ከተማ ነው። ከፊቱ ያሉት እንጅባራና ዳንግላ የጣሊያን ጦር ምሽግ የሠራባቸው፣ ምሽጉንም ጥሎ የሸሸባቸው ናቸው። በቡሬ በኩል ያቋረጠው የዳሞት ማሳ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. ገበሬው መሬቱን ላለማስለካት የተነሣበት ምድር ነው። አገሩ አመፅና አብዮት ተደጋግሞ የረገጠው አገር ነው። ላዩን ለሚያይ ግን አይመስልም።

ታዲያ አብዮት ያለፈበት ከተማ ምን ይመስላል? ለመልሱ ራቅ ብሎ ወደ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ወደምትባለው ከተማ መሄድ ይጠቅማል። ምሳሌው ከሜክሲኮ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም። ያቺ አገርና ይህቺ አገር ያልተለመደ ዝምድና አላቸው።

ጥይት የበሳው ግድግዳ

ፑዌብላ ከዋና ከተማዋ ከሜክሲኮ ሲቲ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስፔናውያን የቆረቆሯት እ.ኤ.አ. በ1531 ነው። እንደ እንጅባራ ሁሉ ደጋ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ጢሱ የማይቋረጠው የፖፖካቴፔትል እሳተ ገሞራ ከከተማዋ ይታያል። በቀለም ሸክላ ያጌጡት ቤቶቿና አብያተ ክርስቲያናቷ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ብዙ ጎብኚ የሚመጣው ይህን ለማየት ነው።

ከእነዚያ ያማሩ ቤቶች መካከል ግን አንዱ ፊቱ ቁስል በቁስል ነው። የሰርዳን ቤተሰብ ቤት ነበር። አኪሌስ ሰርዳን ጫማ ሻጭ ነበር። በዚያን ጊዜ ሜክሲኮን የሚገዛው ፖርፊሪዮ ዲያዝ ሥልጣን ከያዘ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዲያዝ የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል፣ የውጭ ባለሀብት ጋብዟል፤ በዚያው ልክ የገጠሩ መሬት በጥቂት ጌቶች እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1910 ፍራንሲስኮ ማዴሮ የተባለ ተቃዋሚ ምርጫው ተጭበርብሯል ብሎ ሕዝቡ ኅዳር 20 ቀን እንዲነሣ ጠራ። በፑዌብላ ጥሪውን ተቀብሎ መሣሪያ ሲያከማች የነበረው አኪሌስ ነው።

ፖሊስ ደረሰበት። ከቀጠሮው 2 ቀን ቀደም ብሎ ኅዳር 18 ቤቱን ሊፈትሽ መጣ። ተኩስ ተከፈተ። በቤቱ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ከብዙ መቶ ወታደርና ፖሊስ ጋር ለሰዓታት ተታኮሱ። እህቱ ካርመን ጠመንጃ ይዛ ሰገነት ላይ ወጥታ ጎረቤቱን እርዱን እያለች ተጣራች። የመጣ የለም። ወንድማቸው ማክሲሞ ተገደለ። አኪሌስ ከወለሉ ሥር በነበረች ጉድጓድ ተደበቀና ሌሊት ሲወጣ ተገደለ። ከ2 ቀን በኋላ የተቀጠረው አመፅ ተጀመረ፤ ቀስ በቀስም አገሩን አዳረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ዲያዝ ከሥልጣን ወርዶ ተሰደደ።

ያ ቤት ዛሬ የሜክሲኮ አብዮት ሙዚየም ነው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ጥይት የበሳቸው ቀዳዳዎች አልተደፈኑም፤ ቀለምም አልተቀባባቸውም። ጎብኚው ቲኬት ሳይቆርጥ፣ አስጎብኚ ሳይሰማ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እዚህ ቤት አንድ ነገር እንደደረሰ ያውቃል። ፑዌብላን አብዮት የሠራት ከተማ የሚያሰኛት ይህ ነው። በከተማዋ የደረሰው ሁሉ በሌላ ቦታም ደርሷል። ፑዌብላ ግን ምልክቱን አላጠፋችም።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የፑዌብላ ትልቁ በዓል ሜይ 5 ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 የፈረንሳይ ጦር ሜክሲኮን ሊይዝ ሲገሰግስ በፑዌብላ ምሽጎች ላይ በጄኔራል ሳራጎሳ በሚመራ ደካማ ትጥቅ በነበረው ሠራዊት ተሸነፈ። ከተዋጉት መካከል ከተራራው ከሳካፖአሽትላ አካባቢ የመጡ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጭፈራና በሰልፍ ይታወሳሉ። ሜይ 5 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ነው። አዎ፣ ያው የአርበኞች የድል ቀን።

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጄኔቫ

አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!" እያለ ከሚጣራው የታክሲ ረዳት ስንቱ የስሙን ምክንያት ያውቃል? ጣሊያን ኢትዮጵያን በ1928 ዓ.ም. ስትይዝ አብዛኛው የዓለም መንግሥት ቀስ በቀስ ወረራውን በዝምታም በይፋም ተቀበለ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ዕውቅና ሰጡ። እምቢ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ወረራውን የተቃወመችው ያኔ ፕሬዚዳንት በነበሩት በላሳሮ ካርዴናስ ዘመን ነው፤ መልእክተኛዋ ኢሲድሮ ፋቤላም አቋሟን በዚያው መድረክ ጠብቀው ቆይተዋል።

ሜክሲኮ ይህን ያደረገችው ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቅም ስለነበራት አይደለም። የካርዴናስ መንግሥት ከዚያ አብዮት የተወለደ መንግሥት ነበር። ፈረንሳይ ወርራ ንጉሥ ያነገሠችበት፣ አሜሪካ ግማሽ ግዛቱን የወሰደችበት አገር ሌላ አገር ሲወረር ነገ በራሱ ሊደርስ የሚችለውን አየ። ካርዴናስ በአገራቸውም ቢሆን ቃላቸውን ጠብቀዋል። ከ1934 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በነበረው ዘመናቸው 18 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ለገበሬ አከፋፍለዋል፤ በ1938 የነዳጅ ኩባንያዎችን ወርሰዋል።

ውለታው አልተረሳም። አዲስ አበባ አደባባይ ሰየመች፤ ሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያ አደባባይ አላት፣ በስሟ የተጠራ የምድር ባቡር ጣቢያም አለ፤ የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ሜክሲኮ በጄኔቫ የቆመችው ለኢትዮጵያ ነጻነት ነው። ያ ነጻነት ግን በጄኔቫ አልተመለሰም። የተመለሰው እንደ አገው ምድር፣ እንደ ዳሞት፣ እንደ ቢቸና ባሉ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ጉዞው ወደ ዘንገና ይመለስ።

አርበኛውና ጠመንጃው

ጣሊያን ጎጃምን መጀመሪያ የያዘው ብዙ ሳይዋጋ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ሕዝቡን ጠመንጃ አስረክብ ሲል፣ ሹሞችን ሲያዋርድና ሲገድል ነው። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃም በአመፅ ተቀጣጠለ። በምሥራቅ በላይ ዘለቀ፣ በሌሎችም አካባቢዎች እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ መሪዎች ጦር አሰልፈው ጠላትን ከከተማ ወጥቶ እንዳይንቀሳቀስ አደረጉት። ጣሊያን ከተማዎቹን ይዟል፤ ገጠሩ ግን የእሱ አልነበረም። ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ በገበሬ ባሕር መካከል ያሉ ደሴቶች ሆኑ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። ከእሳቸው ጋር የሚንቀሳቀሰው ጌዲዮን የሚባለው ጦር፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው፣ 2,000 ያህል ሰው ብቻ ነበረው። ከሱዳን ጭነት ተሸክመው የመጡት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች ቆላውን አልፈው ወደ ደጋው ሲወጡ በብርድና በረሀብ በየመንገዱ አለቁ። ይህ ትንሽ ጦር በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር ከምሽጉ ሊያስወጣ የቻለው ለምንድን ነው? ብልሃት ነበረው፣ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ከእሱ በፊት 3 ዓመት ሙሉ የተዋጋው ገበሬ ነው። ጣሊያኖች በየካቲት 1933 ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሲወጡ የፈሩት ከበረሃ የመጣውን ጦር ብቻ አልነበረም። ዙሪያቸውን ከብቦ የሚጠብቀውን ባላገር ፈርተው ነበር።

ቡሬ ተለቀቀ። ደብረ ማርቆስም መጋቢት ላይ ተለቀቀ። ጣሊያን ሕዝቡን ይይዝልኛል ብሎ የመለሳቸው የድሮው የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉም እጃቸውን ሰጡ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

እስከዚህ ያለውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ በየዓመቱም ይከበራል። የማይከበረው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ውሉ

የጎጃም ገበሬ ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ያልተጻፈ ውል ነበረው ማለት ይቻላል። ጥሪ ሲመጣ ስንቁን ይዞ፣ ፈረሱን ጭኖ ይዘምታል። በምላሹ ርስቱን አይነኩበትም። ርስት ማለት ከአባት ከአያት የሚቆጠር የመሬት መብት ነው፤ ባለርስት ጭሰኛ አይደለም። መሬቱ በወረቀት አልተመዘገበም፤ በቀላድ አልተለካም። የሚታወቀው በትውልድ ቆጠራ፣ በሽማግሌ ምስክርነት ነው። መንግሥት መሬቱን ለመለካት ሲመጣ ገበሬው የሚያየው ግብር ሲጨመር ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ነገ ርስቱን ሲነጠቅ፣ እሱም ጭሰኛ ሲሆን ነው። በደቡብ የደረሰውን ሰምቷል።

ከድል በኋላ መንግሥት በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ አወጣ። ጎጃም እምቢ አለ፤ ተኩስም ተነሣ። መጨረሻ ላይ መንግሥት በጎጃም፣ በቤጌምድርና በትግሬ በ1927 ዓ.ም. በነበረው መጠን ግብር ለመቀበል ተስማማ። በዚያው ወቅት፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጣሊያንን ሲዋጋ ያልሞተው ሰው በገዛ መንግሥቱ ገመድ ሞተ። ክሱና ፍርዱ ምንም ይሁን ምን ጎጃም ውስጥ የተረዱት ውሉ እንደፈረሰ ነው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ተራማጅ አዋጅ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል የሚል። ነገር ግን ያንን ለማስፈጸም ገማች በየማሳው መግባት ነበረበት። ገማቹ ደግሞ ገበሬው የማያምነው፣ ጉቦኛ ሲል የሚጠራው ባለሥልጣን ነው። በቀጣዮቹ ወራት አመፁ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በረታ። ገበሬው ገማቾችን አባረረ፣ የራሱን አለቆች መረጠ፣ በቅርብ ጊዜ አርበኛ ሆኖ የያዘውን ጠመንጃ አነሣ። መንግሥት ጦርና ፖሊስ ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ በገበሬ አመፆች ላይ በጻፉት ጥናት የጎጃምን አመፅ ከትግራይና ከባሌ አመፆች ጎን አስቀምጠውታል።

አመፁ ዙፋኑን አልገለበጠም። ሊገለብጥም አልተነሣም። ግን አሸነፈ ማለት ይቻላል። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሥተው ወደ ካፋ ተዛወሩ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራ ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በኋላ ራሳቸው መጥተው የተጠራቀመ ግብር ማሩ። ከ6 ዓመት በኋላ በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ብዙ ሰው ነገሩን ከአዲስ አበባ ተማሪና ወታደር ይጀምረዋል። ገበሬ መንግሥትን እምቢ ብሎ ማስተዋል እንደሚቻል ቀድሞ ያሳየው ግን ያ ዓመት ነው።

ለዚህ አመፅ በብሔራዊ የበዓላት መቁጠሪያ ቀን የለውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አርበኛው የተዋጋው ከባዕድ ጋር ነው፤ እሱን ማክበር ማንንም መንግሥት አያስፈራም። የ1960ው ገበሬ የተዋጋው ከራሱ መንግሥት ጋር ነው። ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ናቸው። በ1930 ዓ.ም. 25 ዓመቱ የነበረ አርበኛ በ1960 ዓ.ም. 55 ዓመቱ ነው። ያው ሰው፣ ያው ማሳ።

የዛፓታ ሳጥን

ይህ ታሪክ በሜክሲኮም አለ፤ ከፑዌብላ አጠገብ ባለው በሞሬሎስ ክፍለ ሀገር። አኔኔኩይልኮ በምትባል መንደር ሽማግሌዎች ከስፔን ዘመን ጀምሮ የመንደሩን መሬት የሚመሰክሩ የቆዩ ወረቀቶች በሳጥን ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ሽማግሌዎቹ ደከመን ብለው አንድ የ30 ዓመት ወጣት መረጡና ወረቀቶቹን አስረከቡት። ወጣቱ ፈረስ ገሪ ነበር። ስሙ ኤሚሊያኖ ዛፓታ። የስኳር አገዳ ጌቶች የወሰዱትን መሬት ለማስመለስ መጀመሪያ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ፤ ሕግ ሳያገኝ ሲቀር ጠመንጃ አነሣ። በ1911 መሬት ለመንደሩ ይመለስ የሚለውን የአያላ ዕቅድ ያወጀው በፑዌብላ ክፍለ ሀገር ውስጥ ባለች መንደር ነው። በ1919 በተንኮል ተጠርቶ ተገደለ።

ዛፓታ ተገደለ፤ ጥያቄው ግን ሕገ መንግሥት ገባ። በ1917ቱ የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የመንደር መሬት እንዲመለስ ፈቀደ። በኢትዮጵያም የጎጃም ገበሬ ብቻውን ያልመለሰው የመሬት ጥያቄ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ መልስ አገኘ፤ መሬት የሕዝብ ሆነ። ለደቡቡ ጭሰኛ ትልቅ ነጻነት ነበር። ለጎጃሙ ባለርስት ግን ነገሩ የተለየ ነበር። መሬቱን ከጌታ አላስመለሰም፤ ከጌታ ይልቅ ሲፈራው የኖረው መንግሥት ባለመሬት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አጸናው። ዛሬ በአዊ ያለ ገበሬ ሳጥን ቢከፈት የሚገኘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ጤፍና ገብስ ይዘራበት በነበረው መሬት ዲከረንስ እየተከለ ከሰል ያከስላል፤ የገዛ ማሳውን ጥቅም ራሱ ያሰላል ማለት ነው። ደብተሩ ግን እስከ ምን ድረስ ይጠብቀዋል? የዛፓታ ጥያቄ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ሜክሲኮን እንደ መልካም ምሳሌ ብቻ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። በአብዮቱ ስም የተቋቋመው ፓርቲ በተለያየ ስም እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 2000 ሳይወርድ ገዛ። በየከተማው ሐውልት አቆመ፣ ሙዚየም ከፈተ፣ ዛፓታን በግድግዳ አሣለ። የጎጃም መንደር በአውሮፕላን በተደበደበበት በዚያው በ1968 እ.ኤ.አ. ያ "አብዮታዊ" መንግሥት በሜክሲኮ ሲቲ በትላቴሎልኮ አደባባይ በተማሪዎች ላይ ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ። በ1992 አንቀጽ 27ን አሻሽሎ የመንደር መሬት እንዲሸጥ በር ከፈተ። ጥር 1 ቀን 1994 በቺያፓስ ደጋ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ጠመንጃ አንሥተው ከተማ ሲይዙ ራሳቸውን የጠሩት ዛፓቲስታ ብለው ነው። መንግሥት ሐውልት ያደረገው ሰው በገበሬው ዘንድ አልሞተም ነበር። ሙዚየም ጥያቄን አይመልስም። ጥያቄው እንደነበረ መስካሪ ግን ይሆናል፤ ካርመን የቆመችበት ሰገነት ማንም የማይክደው ነገር ነው።

ጥር 23

አዊ የቀዳዳ ግድግዳ የለውም። የአካባቢው ቤት ብዙ ጊዜ እንጨትና ጭቃ፣ አጥሩም ቀርከሃ ነው፤ ጥይት ቢመታውም ምልክቱን 80 ዓመት አይዝም። ስለዚህ ሕዝቡ ታሪኩን ያስቀመጠው በሌላ ነገር ላይ ነው። በፈረስ ላይ።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጣሊያን ገና እንጅባራ ነበር። ሰባቱ ቤት የሚባሉት አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ኳኩራ፣ አዘና፣ ጫራና መተከል ናቸው። ማኅበሩ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። በየዓመቱ ጥር 23፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን፣ እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ አጊጦ ይወጣል፤ ጉግስ ይጋልባል። ማኅበሩ ከበዓል ያለፈ ሥራም አለው፤ አባል ሲሞት ይቀብራል፣ ሲቸገር ይረዳል፣ የተጣላ ያስታርቃል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህ በዓል በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ባለሥልጣን የሚገኝበት ትልቅ ትዕይንት ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ለእንጅባራም ገቢ ነው። አደጋው ፈረሱ ጌጥ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ፈረስ በአገው ምድር የጌጥ እንስሳ አልነበረም። ፈረስ ውሉ ነው። ገበሬው ሲጠራ የሚዘምትበት፣ በምላሹም ክብሩንና መሬቱን የሚጠይቅበት ነው። ያንን ግማሽ ትቶ ዓድዋን ብቻ የሚያወድስ ባለሥልጣን የውሉን አንድ ገጽ ቀዶ አንብቧል።

ይህን መናገር ዛሬ ቀላል አይደለም። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጦርነት ገጠሩንም መንገዱንም አውኳል። ጎብኚው ሳይሆን ነዋሪው ራሱ ከእንጅባራ ዳንግላ ለመሄድ የሚያስብበት ጊዜ ብዙ ነበር። ማን ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ ይህ ቦታው አይደለም። አንድ ነገር ግን ከታሪኩ በግልጽ ይታያል። በ1930፣ በ1934፣ በ1960 ጠመንጃው የወጣው ገበሬው የሚሰማው አጥቶ ነው። ሦስቱንም ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሮም የነበረው ገዥ ነገሩን መጀመሪያ ያየው ሽፍትነት ብሎ ነው። የ1960ው የቆመው ግን በቦምብ አልነበረም። ገዥው ተነሥቶ፣ ግብሩ ቀርቶ፣ ንጉሡ መጥተው ነው የቆመው።

ይህን የሚያስታውስ ነገር በዚያ መንገድ ላይ ቢኖር ምን ይጎዳል? ውድ ሙዚየም አያስፈልግም። በዳንግላና በእንጅባራ የጣሊያን ምሽግ የነበረበትን ቦታ ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቆ ምልክት ማድረግ፣ በ1960 ዓ.ም. ወጣት የነበሩ፣ ዛሬ 80 ዓመት የሞላቸው የዳሞት ገበሬዎች የሚያውቁትን መቅዳት፣ የፈረሰኞቹን ማኅበር ታሪክ በአዊኛም በአማርኛም መጻፍ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው እዚያው እንጅባራ አለ። ግድግዳ የሌለው ሕዝብ ምስክሩ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንደ ግድግዳ አይጠብቅም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ዘንገና ላይ የሚቆም መንገደኛ ይመጣል። ፎቶውን ይነሣ፤ ውኃው ያምራል። ግን ዞሮ ወደ ማሳው ቢያይ፣ እዚያ ያለውን ገበሬ አባትህ በ1960 የት ነበሩ ብሎ ቢጠይቀው ከ166 ሜትሩ በላይ ጥልቀት ያለው ነገር ይሰማል። እስከዚያ ድረስ መልሱን የያዙት ሽማግሌዎች ስንቶቹ ይቆዩ ይሆን?